ምስማሩ ላይ የተንጠለጠለው ልጓም

ወላሂ፣ ሰው በገዛ ሽኝቱ ላይ እንዲህ ይደነግጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጡረታ ወጣሁ ብዬ አዲስ ሸሚዝ ለብሼ፣ ጺሜን ተስተካክዬ፣ ከፋብሪካው አዳራሽ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ከጎኔ ጋሽ ለማ አሉ። የጠራኋቸው እኔ ነኝ። ሴፍቲ ቫልቭ የሚባለውን ነገር በእጄ ያስያዙኝ የሙያ አባቴ ናቸው። ዛሬ ዓይናቸው ደክሟል፤ ቀኝ እጃቸውም አልጨበጥ ካለ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ማን እንደሆኑ አያውቅም።

ሥራ አስኪያጁ ማይክራፎኑን ይዞ አመሰገነኝ። አመስግኖ ቢያበቃ ምን ነበረበት! «አቶ ኑሩ ይህን ክፍል ሲረከቡ» አለ፣ «ከእሳቸው በፊት የነበረው ኃላፊ በቸልተኝነቱ ቦይለር ሊያፈነዳብን የነበረ ሰው ነው። ዛሬም አዲስ ሠራተኛ ስናሠለጥን በምሳሌነት የምናነሣው ታሪክ ነው። አቶ ኑሩ ግን አንድም አደጋ ሳይደርስባቸው እዚህ ደርሰዋል።» ሰዉ አጨበጨበ። ዞር ብል ጋሽ ለማም ያጨበጭባሉ። በማይጨበጠው እጃቸው ጉልበታቸውን መታ መታ እያደረጉ፣ ለእኔ ያጨበጭባሉ!

ክው አልሁ። ያ ቸልተኛ የተባለው ሰው እሳቸው ናቸው። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። ይህን የምናውቅ እኔና እሳቸው ብቻ ነን፤ ሁለታችንም ጎን ለጎን ተቀምጠን ጭብጨባ እንሰማለን። አጃኢብ እኮ ነው!

የተፈጠረውን ከሥሩ ላጫውታችሁ፤ አለበለዚያ የደነገጥሁት ድንጋጤ አይገባችሁም።

የወረታ ነጋዴ ልጅ ነኝ። አባቴ ጨርቅ ይሸጡ ነበር፤ ወንድሞቼም ሁሉ ሱቅ ገቡ። እኔን ሱቅ መቀመጥ ያንቀጠቅጠኝ ነበር። ባሕር ዳር ሙያ ተምሬ ስጨርስ፣ ሳሙናና የምግብ ዘይት በሚያመርት ፋብሪካ ጥገና ክፍል ተቀጠርሁ። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ የደመወዙንም ነገር ተዉት። አባቴ «ልጅዎ ምን ይሠራል?» ሲባሉ «እንፋሎት ይጠብቃል» ይላሉ፤ ገበያተኛው ይስቃል። መጀመሪያ ላይ እኔም እስቅ ነበር፤ ቁም ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው።

ሴፍቲ ቫልቭን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ቦይለር ውስጥ ውኃ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን ግፊት ይፈጥራል። ግፊቱ ከልኩ ካለፈ ያን ወፍራም ብረት እንደ ወረቀት ይቀደዋል፤ ግንቡንም ሰዉንም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ከቦይለሩ አናት ላይ በጠንካራ ሞላ የተጫነች አንዲት ትንሽ ክዳን አለች። ግፊቱ ሲበዛ ሞላውን አሸንፋ ብድግ ትላለች፤ እንፋሎቱ በቧንቧ ወጥቶ እየጮኸ ይተነፍሳል፤ ሲበርድ ተመልሳ ትዘጋለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ዓመቱን ሙሉ ሥራ የላትም፤ አንድ ቀን ግን የሁላችን ነፍስ በእሷ እጅ ትወድቃለች።

ጋሽ ለማ የድሬዳዋ ሰው ናቸው፤ ሥራ አምጥቷቸው ባሕር ዳር የቀሩ። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ቀጭን፣ ቁጣቸው ግን አይጣል! ከእሳቸው ጋር የሠራሁት የመጀመሪያ ቀን አንዲት ክዳን ሰጡኝ። መስተዋት ላይ ማለስለሻ ቅባት ቀብተው «በስምንት ቁጥር ቅርጽ አዙራት፤ ሳትጫን» አሉኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አዞርሁ። ክንዴ ዛለ። እንደ መስተዋት አብለጨለጨች ብዬ እየኮራሁ ሰጠኋቸው። ወደ ሐይቁ በሚያሳየው መስኮት ብርሃን አስጠግተው አዩና «ገና ነው» ብለው መለሱልኝ። አምስት ጊዜ መለሱልኝ! በስድስተኛው ዝም ብለው ኪሳቸው ከተቱና ሻይ ጋበዙኝ። እኔ ምን አውቄ፣ ያ ምስጋና መሆኑ ነበር።

እጃቸውን በሳሙና ሳይታጠቡ ክዳን አይነኩም። «ላብህ ጨው ነው፤ ጨው ብረት ይበላል» ይሉኛል። የሞላውን ማጥበቂያ ብሎን ከመፍታታቸው በፊት ስንት ጥርስ ከላይ እንደቀረ ቆጥረው በጠመኔ ይጽፋሉ። ሲጨርሱ ማንም እንዳይነካካው በሽቦ ያስሩና በእርሳስ ማኅተም ይመቱታል። ከቫልቭ መተንፈሻ ፊት ለፊት ቆመው አያውቁም፤ ቀዝቃዛ ቢሆን እንኳ፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ቢሆን እንኳ። ሳቅሁባቸው። «ሳቅ፣ ሳቅ» አሉኝ፣ «ብቻ ወደዚህ ቆመህ ሳቅ።»

ከሁሉም የማልረሳው የልጓሙ ነገር ነው። ልጓም የምንለው ከቫልቩ አናት ላይ ተጠልፎ፣ ክዳኗ እንዳትነሣ ከላይ ጨምድዶ የሚይዝ ብረት ነው። የሚያስፈልገው ቦይለሩ ጠፍቶ በቀዝቃዛ ውኃ ሲፈተሽ ብቻ ነው። እሳት ባለው ቦይለር ላይ እሱን ማሰር ማለት ሰውን አፍና አፍንጫውን ይዞ ሩጥ እንደማለት ነው። ጋሽ ለማ ቀይ ቀለም ቀብተው ከጠረጴዛቸው ትይዩ ምስማር ላይ ሰቅለውታል። አመሻሽ ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ቱታቸውን ያወልቃሉ፤ ምስማሩ ዘንድ ሄደው ልጓሙን በጣታቸው ነካ ያደርጉና «አለ» ይላሉ። ከዚያ ነው ወደ ቤት የሚሄዱት። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ይህን ቁራጭ ብረት ማን ይሰርቅዎታል?» ብዬ አሾፍሁ።

«የምፈራው ሌባ አይደለም» አሉኝ። «እዚህ ከሌለ፣ የሆነ ቦታ የአንድ ቫልቭ አፍ ታፍኗል ማለት ነው። ያን እያወቅሁ እንዴት ቤቴ ገብቼ እራት እበላለሁ?»

ስማችን ስለወጣ ከሌላም ቦታ እንጠራ ነበር። መራዊ ከተማ አንድ ወተት ማቀነባበሪያ ሄድሁ፤ ቫልቩ «እየጮኸ አስቸገረን» ብለው ማንሻው ላይ ድንጋይ የሞላ ባልዲ አንጠልጥለውበታል! ሱብሃነላህ! ባልዲውን ሳወርድ ሠራተኛው «ለምን ታወርደዋለህ፣ ጸጥ ብሎልን?» ይለኛል። ሐይቁ ዳር ደልጊ ከተማ፣ ዓሣ ከሚያዘጋጁ ሰዎች ዘንድ ሄድሁ፤ መተንፈሻ ቧንቧው ላይ የዓሣ መረብ አስጥተውበታል፣ ሕፃናት ከሥሩ ይጫወታሉ። ጮህሁ፣ ተሳደብሁ፣ መረቡን ጎትቼ ጣልሁት። «ይህ ሰው ጤነኛ ነው?» ተባባሉ። ያኔ ሰውን ሁሉ አላዋቂ እያልሁ ስፎክር የሚያየኝ ሰው፣ እኔ ራሴ ከዚያ የባሰ እሠራለሁ ብሎ ማን ያስባል?

የእኛ ቦይለር ቤት ጀርባው ከመንደር ጋር በግንብ ይዋሰናል። ከግንቡ ማዶ እቴቴ አገር የምትባል፣ ለሠራተኛው ዳቦ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ያላት አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ ጀልባ ይነዳል። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ፣ አንድ ረቡዕ ዕለት ሐይቁ ላይ ማዕበል ተነሥቶ ጀልባው ተገለበጠና ልጁ ሞተ። ድንኳኑ ግንባችን ሥር ተተከለ። ፋብሪካው ሁሉ አለቀሰ፤ ዳቦዋን ያልበላ ሰው አልነበረማ።

በዚያ ሳምንት ደግሞ ቫልቩ ደጋግሞ ይነሣ ነበር። የሳሙና ክፍሉ እንፋሎት ይወስዳል፣ በድንገት ያቆማል፤ ያን ጊዜ ግፊቱ ይወጣና ቫልቩ ያጓራል። ሥራው ነው፤ ትክክል ነው። ሐሙስ ጠዋት አንድ ጊዜ ሲያጓራ እቴቴ አገር ከለቀስተኛው መካከል ብድግ ብላ «ልጄ ነው! እየጠራኝ ነው!» ብላ ወደ ሐይቁ ልትሮጥ አራት ሰው ያዛት። እኔም ድንኳኑ ውስጥ ነበርሁ። ዓይኔ አይቷል።

ወደ ሥራዬ ስመለስ የዕድሩ ዳኛ እስከ ፋብሪካው በር ተከተሉኝ። ትልቅ ሰው ናቸው። ነጠላቸውን አደግድገው «ልጄ ኑሩ፣ እባክህ» አሉኝ። «እስከ ሰልስቱ፣ ሁለት ቀን ብቻ፣ ያን ጩኸት ያዙልን። እናቲቱ ልታብድብን ነው።»

አንድ ሽማግሌ አደግድጎ ሲለምናችሁ ምን ትላላችሁ? «እሺ አባባ፣ ጣጣ የለውም» አልሁ። ጣጣ የለውም!

ለጋሽ ለማ መንገር ነበረብኝ። እሳቸው ቢሰሙ ቦይለሩን ያጠፉት ነበር። ቦይለሩ ከጠፋ ሳሙናው ይቆማል፤ ሳሙናው ከቆመ ከኃላፊዎቹ ጋር ጭቅጭቅ ነው፤ እሳቸውም በዚያ ሰዓት ድንኳን ውስጥ ከለቀስተኛው ጋር ናቸው። «ሁለት ቀን ምን አላት?» አልሁ። ቦይለሩን ለሚያነደው ለዘውዱ «ግፊቱን ዝቅ አድርገህ ያዝ፣ ከስድስት ባር እንዳታሳልፍ» አልሁት። ከዚያ ልጓሙን ከምስማሩ አወረድሁና፣ እሳት ባለው ቦይለር ላይ፣ በእነዚህ እጆቼ አሰርሁት። ሐሙስ የቫልቩ መፈተሻ ቀን ስለሆነም ካርዱ ላይ «ተፈትኗል» ብዬ ፈረምሁ። መንደሩ ጸጥ አለ። የዕድሩ ዳኛ መረቁኝ። እኔም ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ሹም አቦ ሰፈር ወዳለው ቤቴ ገባሁ።

ቅዳሜ ሰልስቱ ነው። ዘውዱም ልቅሶ ብሎ ተክቶት የሄደው ሰው ስለ ስድስት ባር አንድም ነገር አልሰማም። ሳሙና ክፍሉ «እንፋሎት አነሰን» ሲለው ከፍ አደረገው። ግፊት ሲበዛ እሳቱን በራሱ የሚያቋርጠው መሣሪያ ደግሞ የዚያን ቀን ተጣብቆ ቀረ። እኔ ድንኳን ውስጥ ነኝ። ጋሽ ለማ ከፊት ለፊቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። በድንገት ቀና አሉ። ጆሯቸውን ወደ ግንቡ አዘነበሉ። ለካስ የእሳቱን ድምፅ እያዳመጡ ኖሯል፤ አላቋርጥ ብሏቸዋል። ተነሡ። መጀመሪያ ፈጠን ብለው ሄዱ፣ ከዚያ ሮጡ። ሽበታም ሰው ከልቅሶ ድንኳን ጋቢውን ጥሎ ሲሮጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ተከተልኋቸው።

የግፊት መለኪያው ቀስት ቀዩን መስመር አልፎ መጨረሻው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ቫልቩ ዝም። ቦይለሩ ግን ከሥሩ ይንቀጠቀጣል። ያ አላህ! ያን ዝምታ ዛሬም በጆሮዬ እሰማዋለሁ። ጋሽ ለማ እሳቱን አጠፉ፤ ተተኪውን ሰው «ውጣ! ሩጥ!» አሉት፤ መሰላሉ ላይ ወጡ። መውጣት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ያሰርሁት እኔ፣ የት እንዳሰርሁት የማውቅ እኔ። እግሬ ግን ከመሬቱ አልላቀቅ አለ። መሰላሉን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ይህን ሳልደብቅ እናገራለሁ፤ ደርቄ ቀረሁ።

ጓንቲ አልነበራቸውም። የጋለውን ልጓም በባዶ እጃቸው ፈቱት። ክዳኗ ብድግ ስትል ጣሪያው ተናወጠ፤ ከቫልቩ ሥር ያመለጠው እንፋሎት ቀኝ እጃቸውን ላጠው። በግራ እጃቸው ልጓሙን ይዘው ወረዱ። አዩኝ። በአጠገቤ አልፈው ወደ ወርክሾፑ ገቡ፣ ልጓሙን ምስማሩ ላይ መልሰው ሰቀሉ፣ ከዚያ ወደቁ። ከግንቡ ማዶ እቴቴ አገር «ልጄ! ልጄ!» እያለች ትጮኻለች።

አጣሪ ኮሚቴ መጣ። ልጓሙ ምስማሩ ላይ ነው፣ ማን ይጠይቃል? ጋሽ ለማ እጃቸው እንደተጠቀለለ ገብተው «ቫልቩ ተጣብቆ ነው። ቁጥጥሩ የኔ ነበር» አሉ። እኔ በዚያው ክፍል ነበርሁ። አፌን ከፈትሁ፤ ከዚያ ዘጋሁት። ልጄ በተወለደች በሳምንቷ ነው፤ ይህን ለሰበብ ብዬ አይደለም የምናገረው፣ ያሰብሁት እሱን ስለሆነ ነው። እሳቸው ከሥራ ተሰናበቱ። ወንበራቸው ለእኔ ተሰጠ።

ከዚያ ወዲህ ፋሲካ ሲመጣ እኔ ቤታቸው እሄዳለሁ፤ ኢድ ሲሆን እሳቸው ቤቴ ይመጣሉ። ስለዚያ ቀን አንድም ቀን አላወራንም። እኔም በየማታው ምስማሩ ዘንድ ሄጄ ልጓሙን እነካለሁ፤ «አለ» ማለት ግን አልቻልሁም። ቃሏ ከጉሮሮዬ አትወጣም። በሥልጠናው ላይ ስማቸው እየተጠራ «እንዲህ ዓይነት ሰው አትሁኑ» ሲባልም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ደግሞ ምሳዬን በልቻለሁ። ይኸው ነኝ እንግዲህ፣ የተመሰገንሁት ሰውዬ።

ወደ አዳራሹ ልመለስ። ጭብጨባው ሲያበቃ ማይክራፎኑ ለእኔ ተሰጠ። ቤተሰቤን፣ ባልደረቦቼን የማመሰግንበት ጽሑፍ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም።

«ያ ቸልተኛ ያላችሁት ሰው ይኸው እዚህ ተቀምጠዋል» አልሁ። «ቸልተኛ ግን አይደሉም። ቫልቩ አልተጣበቀም ነበር። እሳት ባለው ቦይለር ላይ ልጓም ያሰርሁት እኔ ነኝ። ሳልፈትሽ ተፈትኗል ብዬ የፈረምሁትም እኔ ነኝ። እሳቸው እጃቸውን ከፍለው የእናንተን ሕይወት አዳኑ፤ እኔ ደግሞ ሃያ ዓመት ዝም ብዬ ወንበራቸው ላይ ተቀመጥሁ።»

ሥራ አስኪያጁ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ያያል። ዘውዱ ከኋላ ቆሞ ራሱን ይዟል። ልጄ አፏን በእጇ ሸፍናለች። በዚህ መሐል ጋሽ ለማ ወንበሩን ተደግፈው ተነሡ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድቡኝ ደስ ባለኝ።

«ኑሩ የተናገረው እውነት ነው» አሉ በዚያ ቀጭን ድምፃቸው። «ግን ግማሹ ነው። ሐሙስ ማታ ከልቅሶ ተመልሼ ቱታዬን ለማንሣት ወርክሾፑ ገብቼ ነበር። ምስማሩን አየሁት። ባዶ ነው።»

ምን? ደግሞ ሌላ ድንጋጤ!

«ዓርብ ማታም ገባሁ። ባዶ ነው። ከኑሩ በቀር ማንም እንደማይነካው አውቃለሁ። ሄጄ ልጠይቀው አሰብሁና አፈርሁ። ጎበዝ ሠራተኛ ነው፣ እኔ ያስተማርሁት ነው፤ ስጠይቀው ያላመንሁት ይመስለዋል አልሁ። ሰው ልቅሶ ላይ ነው፣ ዛሬ አይነገርም፣ ነገ እጠይቀዋለሁ አልሁ። ሁለት ማታ ባዶ ምስማር አይቼ፣ ሁለት ማታ ቤቴ ገብቼ እራቴን በላሁ። ኮሚቴው ፊት ቁጥጥሩ የኔ ነበር ያልሁት ለኑሩ አዝኜ አይደለም። እውነት ስለነበረ ነው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተን እያየሁ ያፈርሁ እኔ ነኝ እንጂ» አሉኝ።

ሃያ ዓመት ሙሉ በየበዓሉ እየተገናኘን፣ እኔ ከእሳቸው ዓይን ስሸሽ፣ ለካስ እሳቸው ከእኔ ዓይን ይሸሹ ኖሯል! «ታዲያ ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም?» አልሁ፣ ማይክራፎኑ እንደበራ።

«አንተስ?» አሉኝ።

ማንም አላጨበጨበም። ሥራ አስኪያጁ ማይክራፎኑን ከእጄ ወስዶ አጠፋው፤ ከዚያ ጋሽ ለማ ዘንድ ሄዶ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው፤ «ከነገ ጀምሮ ያ ታሪክ እንዲህ አይነገርም አባቴ» አላቸው። «ንገሩት» አሉት፣ «ብቻ ሙሉውን ንገሩት።»

ኬኩ ተቆርሶ ሰው መበታተን ሲጀምር ክንዴን ያዙኝና «ወርክሾፑን አሳየኝ» አሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ወለሉ በአዲስ ንጣፍ ተሠርቷል፤ መፈተሻ ማሽኑ ተለውጧል፤ መስኮቱ ግን ያው ነው፣ ሐይቁም በእሱ በኩል ይታያል። ዓይናቸው አይለይም፤ ግድግዳውን በማይጨበጠው እጃቸው እየዳሰሱ ሄዱ። ምስማሩ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። ልጓሙን ነኩት። ከላይ እስከ ታች በመዳፋቸው አሹት፤ ቀለሙን በየዓመቱ አድስ ነበር። ቃሏን ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም። እጄን ፈልገው ያዙና ብረቱ ላይ አሳረፉት።

«አንተ በል» አሉኝ።

ሃያ ዓመት ያቃተችኝን ቃል እየተንተባተብሁ፣ እንባዬ እየወረደ አልኋት፦ «አለ።»

«በል እንግዲህ» አሉ፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ «አሁን ወደ ቤታችን እንሂድ።»